አንጓችና የቀትሩ ጠሪ

ከአያቴ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። አያቴም ከአያቱ ሰማው። ጨምሬ ከሆነ ምላሴን ይያዘው፤ ቀንሼ ከሆነ እርጅና ነውና ይቅር በሉኝ። አንተ ጥግ ላይ የተኛኸው፣ ቀና በል፤ ይሄ ወሬ ተኝተው የሚሰሙት አይደለም።

ድሮ፣ ከተማ ሁሉ በቅጥር ሲታጠርና ሰው ሁሉ በአባቱ ስም ሲታወቅ፣ ጉዛምባ የምትባል ከተማ ነበረች። ዛሬ ብትፈልጓት የምታገኙት ቁልቋልና የፈረሰ ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ ግን ቅጥሯ ሦስት ሰው ቢደራረብ የማይደርስበት ነበር። መግቢያዋ አንድ፣ መውጫዋም አንድ። በሩ ላይ ማማ ተሠርቷል፤ ማማው ላይ ዘበኛ ይቀመጣል። ከበሩ በታች አጓት የሚባል ወንዝ ያልፋል፣ ክረምት ሲገባ ውሃው እንደ ስሙ ይነጣል። ወንዙ ላይ ሰባት ቅስት ያለው ድልድይ ነበረ። ያንን ድልድይ ሳይሻገር፣ ያንን በር ሳያልፍ ጉዛምባ የገባ ጠላት የለም።

በሩ ሥር ባለች ጎጆ አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ድልድዩን ትጠርጋለች፣ የተሰነጠቀውን በኖራ ትደፍናለች፣ በሩ ሲዞር እንዳይጮህ እግሩን ሞራ ትቀባለች። በሩ ቢጮህም ባይጮህም ለሷ አንድ ነው። ሰባት ዓመቷ ላይ ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ቃሉ ከአፏ ተቆራርጦ ነው የሚወጣው፣ ጎረቤት አይገባውም። ልጆቹ በጠጠር ይነካኳታል። አዋቂውም ከልጅ አይሻልም፤ «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» እያለ ፊት ለፊቷ ይቀልድባታል። እሷ የሰውን አፍ እያየች ምን እንዳለ ታውቃለች። አውቃ ዝም ትላለች።

ባሏ ሞቷል። አንድ ልጅ አላት። ከሱ በፊት ሦስት ወልዳ ስላልበረከቱላት ስሙን ቢያድግልኝ አለችው። አደገላትም። የእናቱን የተሰበረ ንግግር የሚያውቅ ከከተማው ሁሉ እሱ ብቻ ነበር። እሷ ግን ስሙን አሟልታ መጥራት አልሆነላትም፤ «ያድ» ነው የምትለው። ሃያ ዓመት ሲሞላው ከሲራራ ነጋዴ ጋር በቅሎ ጫኝ ሆኖ ወደ ጨው አገር ወረደ። አንድ ክረምት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። አንጓች ድልድዩን እየጠረገች ቀና ብላ ማዶ ማዶውን ታያለች።

በሁለተኛው ክረምት አጓት ሞልቶ የድልድዩን አንድ ቅስት ናደው። የከተማው ገዥ አዛዥ ደምለው የሚባል ችኩል ሰው ነበር። ከወንዙ ማዶ የእንግዳ መቃብር አለ። አገሩ የማይታወቅ መንገደኛ ሲሞት እዚያ ይቀበራል፤ ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ድንጋይ ብቻ ይተከልበታል። አዛዡ እነዚያን ድንጋዮች አስነቅሎ ቅስቱን አስጠገነባቸው። ሰው ሁሉ «ኧረ ነውር ነው» አለ። ነውር ነው እያለ ተሻገረበት።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ከወንዙ ማዶ ድምፅ ተጣራ።

እናንተ ዛሬ ስትጠሩ «ምንድን ነው?» ትላላችሁ። ያን ጊዜ እንዲህ የለም። አባት ሲጠራ፣ እናት ስትጠራ፣ ልጅ ሁለተኛውን ጥሪ አይጠብቅም። «አቤት» ይላል፣ ወዲያው። የማይል ልጅ ያልተቀጣ ነው። ጉዛምባ ደግሞ በልጅ አስተዳደጓ የምትኮራ ከተማ ነበረች፤ ያ ኩራቷ ነው የፈጃት። ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣራው በሞተ አባት ድምፅ ነው። በሞተች እናት ድምፅ ነው። ስም አይሳሳትም። የተጠራው ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ልቡ ሳያስብ አፉ «አቤት» ይላል።

አቤት ያለ ሰው የያዘውን ያስቀምጣል። ልብሱን ያስተካክላል። እንደ ታዘዘ ልጅ ራሱን ዘንበል አድርጎ በሩን ይወጣል። ድልድዩ መሀል ሲደርስ ነጠላውን አውልቆ፣ በደንብ አጣጥፎ፣ የድልድዩ ዳር ድንጋይ ላይ ያኖራል። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰው ሄደ። አንጓች ከሰዓት በኋላ ልትጠርግ ስትወጣ አሥራ አንድ ነጠላ በረድፍ ተጣጥፎ አገኘች። ማን እንዳጠፈው አላወቀችም። አራግፋ ለየቤቱ አደለች። ለቅሶው በየቤቱ ሲነሳ አፋቸውን አይታ ነው የገባት።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ቅጥሩ ድምፁን እንደሚከለክል አስተዋሉ፤ በሩ ከተዘጋ ከበሩ ራቅ ያለ ሰው አይሰማም። እንግዲህ ጥላ ሦስት ጫማ ሲሆን በሩ ይዘጋ፣ ቀትር አልፎ ጥላ ዞሮ ሰባት ጫማ ሲረዝም ይከፈት አሉ። በእግር እየለኩ ነው፣ ሰዓት መች ነበረ። መዝጋቱ ቀላል ሆነ። በሩ ሥር የሚቀመጠው ዘበኛ ግን በጣውላው ስንጥቅ ይሰማል። ጆሮውን በጥጥና በሰም ወተፉት። ማማው ላይ ላለው በቃው፤ በሩ ሥር ያለውን ሰሙን አልፎ ያገኘዋል። በሦስት ቀን ሦስት ዘበኛ መወርወሪያውን፣ ያንን የበሩን ወፍራም አግዳሚ እንጨት፣ በገዛ እጁ አንስቶ ሄደ። በተከፈተው በር ጥሪው ወደ ከተማው ገባ፣ እየመረጠም ከየቤቱ አወጣ።

በአራተኛው ቀን የሚቀመጥ ጠፋ። የማማው ዘበኛ ጓንጉል የሚባል ቀልደኛ ሰው ነበር። «እንግዲህ ደንቆሮዋን አስቀምጧታ» አለ። ሊያስቅ ነበር። የሳቀ የለም።

አስጠሯት። አዛዡ ራሱ ቀስ ብሎ፣ አፉን እየከፈተ፣ ነገራት። እሺ አለች። ለከተማው ብላ እንዳይመስላችሁ። ያቺ ከተማ ለሷ ምን አድርጋላታለች? ልጇ የሚመጣው በዚያ ድልድይ ነው። ሲሄድ ይሄ ነገር አልነበረም። በቀትር እንዳይደርስ ማን ይነግረዋል? ማዶ ቆሞ መንገደኛ የሚያስጠነቅቅ ሰው ይኑር ቢባል፣ ማን ይቆማል? እሷ በሩ ሥር ከተቀመጠች ግን ቢያንስ ሲመጣ ታውቃለች። ይሄንኑ በእጇም በአፏም ለጓንጉል አስረዳችው። በማማውና በእጇ መሀል ገመድ ዘረጉ። ጓንጉል አንዴ ከሳበ ዝጊ ነው። ሁለቴ ከሳበ ክፈቺ ነው። ሦስቴ ከሳበ ልጅሽ መጣ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ።

ገመዱ አንዴ ተሳበ። አንጓች መወርወሪያውን ጣለችው፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ከፊቷ ያለው መንገድ ባዶ ነው። ጥላዋ ወደ እግሯ እየተሰበሰበ መጣ፣ መጣ፣ ጠፋ። ያኔ አንድ ውሻ መንገዱ መሀል ሆዱን መሬት ላይ ለጠፈ። አንዲት ዶሮ አንድ እግሯን አንስታ ቀረች፣ አላወረደችውም። የሾላው ቅጠል ቆመ። ከዚያ ጣውላው ጀርባዋ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ሰው በር ላይ አፉን አስጠግቶ ሲናገር እንደሚንቀጠቀጠው። አንዴ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቴ። ትንሽ ቆይቶ ሦስቴ። የሷ ስም ይሁን የሌላ ሰው አላወቀችም። ትንፋሹ ግን በስንጥቁ አንገቷ ላይ ይደርሳል፣ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ፈራች። መቼስ ሰው ናት። ፈርታ ተቀመጠች።

ጥላ ሰባት ጫማ ሲሆን ገመዱ ሁለቴ ተሳበ። ከፈተች። ድልድዩ ላይ ነጠላ የለም። የዚያን ዕለት እጇን የሳመው ሰው ብዛት! ለአንድ ሳምንት «እሜቴ» አሏት። በሳምንቱ ለመዱትና ልጆቹ ጠጠራቸውን አነሱ። ሰው እንዲህ ነው፣ አትገረሙ።

ሁለተኛው ፈተና ከውስጥ መጣ።

የአዛዡ ሚስት እመት የውብዳር፣ አስካለ የምትባል ልጃቸው በፈንጣጣ ሞታባቸዋለች። ስድስት ዓመቷ ነበር። እመት የውብዳር ቀትርን ከበሩ ርቀው፣ ከእልፍኛቸው ጓዳ ነበር የሚያሳልፉት። አንድ ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዘገዩና በበሩ በኩል ሲያልፉ ጥላ እግራቸው ሥር ገባ። ከበሩ ወዲያ ሕፃን ተጣራች። «እማዬ፣ ጠማኝ» አለች። የልጅ ጥሪ ሲሆን ደግሞ እናት ምን ትላለች? «ወዬ» አሉ እመት የውብዳር። ወዬ ልጄ።

እና ወደ በሩ መጡ። አንጓች አየቻቸው። ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አየች፣ ነገሩ ገባት። ተነስታ መወርወሪያው ላይ ተቀመጠችበት። እመት የውብዳር ጎተቷት። አልተነሳችም። ጆሯቸውን በሰም የወተፉ ሁለት አሽከሮች ተከትለዋቸዋል፤ የእመቤታቸውን እጅ ብቻ አይተው በዱላ ወረዱባት። የታዘዘ አሽከር ምን ያድርግ፣ ይመታል። አንጓች መቀነቷን ፈትታ ራሷን ከመወርወሪያው ጋር አሰረች። ክንዷ ተሰበረ። ጥርሷ ወለቀ። ቀና ስትል የእመት የውብዳርን አፍ አየች፤ «ልጄ በር ላይ ናት፣ ጠማት፣ ልጄ በር ላይ ናት» ይላል። ከዱላው ሁሉ ይሄኛው አመማት። እሷም እናት ናት። አፏን ከፍታ የሆነ ነገር መለሰችላቸው፤ ምን እንዳለች የገባው የለም።

ቀትሩ አለፈ። እመት የውብዳር እንደ ነቃ ሰው ዙሪያቸውን አዩ። የአንጓችን ደም አዩ። ወድቀው እግሯን ያዙ፣ አንድ ጊዜ እመቤት መሆናቸውን ረሱት። ሲያለቅሱ ቆዩና ቀና ብለው፣ አፋቸውን እንድታይ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው እንዲህ አሉ፦

«የኔይቱስ የሞተች ናት፣ አንጓች። ያንቺ በሕይወት ያለው ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

 አንጓች ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልበላ አላት። በሩ ላይ ስትቀመጥ ገመዱን ታያለች። ሦስቴ እንዲሳብ ትለምናለች፤ ወዲያው ደግሞ ሦስቴ እንዳይሳብ ትለምናለች። እግዚአብሔርም የቱን ልስማ ሳይል አይቀርም።

ሦስተኛው እንዲህ ሆነ።

ወሩ ጥቅምት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሌላ መንገደኛ ሁሉ ከኮረብታው ጀርባ ባለው መንደር አርፎ፣ በሩ መቼ እንደሚከፈት ጠይቆ ነው ወደ ድልድዩ የሚወርደው። ቢያድግልኝ ግን የአገሩ ልጅ ነው፣ በወንዙ ዳር የሚያቋርጥ መንገድ ያውቃል። ሁለት ዓመት የናፈቀ ሰው መንደር ገብቶ አያርፍም። አቋረጠ። የጨው አሞሌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ተሸክሞ ድልድዩ ላይ ወጣ። በሩ ዝግ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ለምን እንደተዘጋ ገረመው። ጥላውን ቢያይ ከእግሩ ሥር ገብቷል።

የአንጓች እጅ ላይ ገመዱ ተሳበ። አንዴ። ሁለቴ። ቀትር እኮ ነው፣ ጓንጉል ምን ነካው ብላ ቀና አለች። ሦስቴ።

ዞራ ዓይኗን ስንጥቁ ላይ ለጠፈች። ልጇ ነው። ጠቁሯል፣ ትከሻው ሰፍቷል፣ አረማመዱ ግን ያው ነው። እጇ መወርወሪያው ላይ አረፈ።

ጓንጉል ከማማው እየተንደረደረ ወረደ። ፊቷ ቆሞ እጁን አወናጨፈ፣ አፉንም ከፈተላት፦

«አንጓች፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ። ከከፈትሽው ከተማው ያልቃል።»

ይሄንን እሷ አታውቅም? ነጠላውን ስታድል የኖረችው እሷ አይደለችም? ግን እጇ ከእንጨቱ አልተነሳም። አያቴ እዚህ ሲደርስ ዝም ይል ነበር፤ «ምን አደረገች፣ አያቴ?» ስለው፣ «ቆይ አንተ፣ እሷም ቆይታለች» ይለኝ ነበር። ጠጠር የወረወሩባት ልጆች ከቅጥሩ ውስጥ ናቸው። የሷ ልጅ ከቅጥሩ ውጭ ነው። አንድ እንጨት ነው በመሀላቸው ያለው።

እጇን አነሳች። ገመዱን ከእጇ ፈታችና ደረጃውን ሮጣ ማማው ላይ ወጣች። ጓንጉል ተከተላት። ድንጋይ የሚሳብበትን ትልቁን ገመድ ወገቧ ላይ ጠመጠመች።

«ወርደሽ ምን ታደርጊያለሽ? ቀትር እስኪያልፍ አልስብሽም፣ አልችልም።»

«አውርደኝ» አለችው፤ ጆሮው በሰም ተወትፏልና አፏን አይቶ ነው የገባው። ጓንጉል እስኪሞት ድረስ ሲምል፣ በዕድሜው ከአንጓች አፍ የገባው ቃል ያ ብቻ ነበር። አወረዳት። ሲያወርዳት ያለቅስ ነበር፤ ቀልደኛ ሰው ሲያለቅስ አያምርበትም።

አሁን ከዚህ ወዲያ ያለውን ልጁ ነው የተናገረው።

ቢያድግልኝ ከድልድዩ መሀል ቆሞ ነበር። ከኋላው፣ ከማዶ፣ ሴት ጠራችው። «ቢያድግልኝ» አለችው። የእናቱ ድምፅ ነው። ግን አልተቆራረጠም። ስሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ሳይጎድል፣ ጥርት ብሎ መጣ። እናቱ ስሙን እንዲህ ጠርታው አታውቅም። ሕፃን ሆኖ የጎረቤት እናቶች ልጆቻቸውን ሲጠሩ እየሰማ፣ የኔም እናት አንድ ቀን እንዲህ ብትጠራኝ ይል ነበር። እና እናቴ ዳነች ብሎ አሰበ። ደስ አለው።  ዞረ፣ ሸክሙን አስቀመጠ፣ ኩታውን አስተካከለ፣ አፉን ከፈተ።

ኖራና ሞራ የሚሸት እጅ አፉን ያዘው።

ዞር ሲል እናቱ ናት። ራሷ ተገልጧል፣ ታለከልካለች፣ አንድ ክንዷ ተሰብሮ ጠሟል። ማዶም እናቱ እየጠራችው ነው። ሁለቱን ማስታረቅ አቃተው። አንጓች ጎትታ የድልድዩ ዳር ድንጋይ ሥር አስቀመጠችው። ራሱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው፣ በጠመመው ክንዷ ጆሮውን አፈነችው፣ በደህናው እጇ አፉን ዘጋች። እንዲህ ሆነው ቀትር እስኪያልፍ ሊቀመጡ ነው።

ፀሐይ ግን አልሄድ አለች። ድምፁ ቀረበ። ከማዶ መጣራቱን ትቶ ከቅስቱ ሥር ተጣራ። ከዚያ ከድንጋዩ ውስጥ ተጣራ። ልጁ የተደገፈው ድንጋይ ስሙን ይጠራዋል። በእናቱ ድምፅ፣ ከዚያ በአባቱ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ በእናቱ። አንጓች ምንም አትሰማም። ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር መንጋጋው እጇ ውስጥ ይዘላል። በዚያ ነው የምታውቀው። አሁን ጠራው፣ አሁንም ጠራው። ልጁ መዳፏን ነከሰው። ሆነ ብሎ አይደለም። ደሟ አፉ ውስጥ ገባ፣ እጇን አላነሳችም።

ቀና ብላ ጥላቸውን ፈለገች። ጥላ የለም።

በመጨረሻ የልጁ ጉሮሮ ከእጇ አንጓ ሥር ሲሞላ ተሰማት። እጅ አፍ ይዘጋል እንጂ ድምፅ አይዘጋም፤ በአፍንጫውም ቢሆን ሊወጣ ነው። አሳዳጊ ያልበደለው፣ በደንብ የተቀጣ ልጅ ነዋ። ራሷ ነበረች ያስተማረችው። ሲወጣ በእጇ ቆጠረችው፤ ትንፋሹን ሳበ፣ አፉ ተከፈተ፣ ሊል ነው።

ቀደመችው።

«አቤት» አለች አንጓች።

በዚያው በራሷ ድምፅ፣ በተሰበረው። ሰምታ የማታውቀውን ጥሪ እሷ መለሰችለት።

ሁሉ ነገር ዝም አለ። ልጁ የወንዙን ድምፅ ሰማ፤ እስከዚያ ድረስ ወንዙ እንደማይሰማ አላስተዋለም ነበር። እናቱ እጇን ከአፉ ላይ አነሳች። ፊቱን ዳሰሰችው፣ ግንባሩን ሳመችው፣ «ያድ» አለችው። ከዚያ ተነሳች። ነጠላዋን አውልቃ በአንድ እጇ ማጠፍ ስላቃታት ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠፈችው። ድንጋዩ ላይ አኖረችው። ራሷን ዘንበል አድርጋ ወደ ማዶ ሄደች።

ልጁ ሊነሳ ሞከረ፣ እግሩ አልታዘዘለትም። «እማዬ!» ብሎ ጮኸ። በሰም የተወተፈው የጓንጉል ጆሮ እስኪሰማ ድረስ ጮኸ። ግን እሷ መቼ ሰምታ ታውቃለች? ዞር ሳትል ሄደች።

ጥላ ሰባት ጫማ ሲሆን በሩ ተከፈተ። ልጁን ተሸክመው አስገቡት። ነጠላዋ አንድ ብቻውን ድንጋዩ ላይ ነበር። ሁሉን ስታድል የኖረችው እሷ ስለነበረች፣ የሷን ማን አንስቶ ለማን ይስጥ ብለው ቆመው ቀሩ። እመት የውብዳር መጥተው አነሱት። አቅፈው ወደ ልጁ ሄዱ።

ጠሪው ከዚያ ወዲህ አልተጣራም። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። አንዳንዱ ሲል፣ እነዚያ ስማቸው የጠፋ ሙታን ስማቸውን የሚጠራ ስላጡ ነው የሰው ስም ሲጠሩ የነበሩት፤ የሄደው ሰው ሁሉ ተታሎ ነው የሄደ፣ አልጠቀማቸውም፤ ሳትጠራ የሄደችላቸው አንዲት ሴት በቃቻቸው ይላል። አዛዡም የመቃብሩን ድንጋይ በገዛ ጀርባው ተሸክሞ መለሰ ይባላል። እኔ አዛዥ ድንጋይ ሲሸከም አይቼ አላውቅም፤ ግን መመለሱስ ተመልሷል። ድልድዩም ስድስት ቅስት ሆኖ ቀረ። ወንዙን በዚያ የሚሻገር ሰው ክፍተቱ ላይ ሲደርስ በእንጨት ይረማመድ ነበር።

ቢያድግልኝ ሚስት አገባ፣ ወለደ፣ ሸመገለ። ስሙን የጠራው ሰው ሁሉ ግን መልስ አላገኘም። ይሰማል፣ ሥራውን ያስቀምጣል፣ ዝም ብሎ ይመጣል። አቤት አይልም። ነገሩን የማያውቅ አንድ እንግዳ ሹም ንቆኝ ነው ብሎ ሊያስቀጣው ተነሳ። ሽማግሌዎቹ ከፊቱ ቆሙና፣ «ጌታዬ፣ ይተዉት። የሱን እናቱ ብላለታለች» አሉት።

በዚያ አገር እስከ ዛሬ ልጅ ቀትር ላይ ከተጠራ ቀድማ አቤት የምትለው እናቱ ናት። ልጁ አጠገቧ ቢሆንም እሷ ትላለች፣ ከዚያ ነው «ሂድ፣ ጠሩህ» የምትለው። መንገደኛ ሲሸኙም ደህና ግባ አይሉም፤ «አንጓች አቤት ትበልልህ» ይሉታል። ከሌላ አገር የመጣች ሙሽራ ይሄ ምን ዓይነት ልማድ ነው ትላለች፤ የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ ነው።

እናቴም የዚያ አገር ሰው ነበረች። ጢም አብቅዬ፣ ሚስት አግብቼ እንኳ ቀትር ላይ ሰው በደጅ ሲጠራኝ ከጓዳ ሆና «አቤት» ትልልኝ ነበር። አፍር ነበር፣ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። እሷ ካረፈች አርባ ዓመት አለፈ። አሁን ቀትር ላይ ስሜን የሚጠራ ካለ፣ ሦስተኛውን እስኪጠራ ድረስ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ።